ጆሮና ቀንድ

«ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው»
ብሎ የተረተው ሰው፣
ቦሎኛ ላይ፣ ከኦርኔላ የሸክላ ሱቅ ደጃፍ
ከእኔ ጋር ቢቀመጥ ኖሮ
ተረቱን ባልጨረሰው።

ሐሙስ ነው። ዝናቡ ከቅስቶቹ ውጪ ለብቻው ይወርዳል፤
ሰዉ ዣንጥላ ረስቶ በረንዳ ለበረንዳ ይሄዳል።
እኔ መርፌ እቀይራለሁ፣ ቀበቶ አጠብቃለሁ፣
በደከመ ማጫወቻ ነፍስ እዘራለሁ።
ደሞዜ ትንሽ ናት፤ አስተያየቴ ግን ብዙ፤
አንድ ዘፈን ሁለቴ ሲዘፈን ይመዘዛል መዘዙ።

በስልሳ አራት ጥር፣ በእነሱ አቆጣጠር፣
አንድ ማይክራፎን ባለው የሰበካ አዳራሽ፣
ኢዮላንዳ የምትባል የቆርኪ ፋብሪካ ሠራተኛ
ካፖርቷን ሳታወልቅ «የጨው ባቡር»ን ዘፈነች።
ሦስተኛው ስንኝ ጋ ብርዱ ጉሮሮዋን ያዛት፤
እህ! ብላ ሳለች።
ለሁለተኛ ቅጂ ጊዜም ገንዘብም አልነበረ፤
ሳሉ ከዜማው ጋር ታተመ፣ አብሮ ቀረ።

የአሁኑን የሚዘፍነው ሚርኮ የሚሉት ጎረምሳ ነው።
ከጥርስ ሐኪሙ፣ ከሱፐርማርኬቱ ጣራ ይወርዳል፤
ሠላሳ ቫዮሊን አጅቦት እንደ ሙሽራ ይራመዳል።
ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ አንዲት ሽብሽብ የለበትም፤
ሦስተኛው ስንኝ ጋ ጸጥታ አለ።
ሳል የለም።

«ሰሙን አሳምሮ ቀባው፣
ወርቁን ከየት አባቱ አግኝቶ!» እላለሁ።
ኦርኔላ መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ እየወለወለች
«አንተ ሃይማኖት ነው የያዝከው» ትለኛለች፤
«ማን ቀደመ ትላለህ፣ ማን ደረሰ አትልም።»
የጆሮና የቀንዱን ተረት በጣልያንኛ ባወራላት
«ታዲያ አንተ በሬ ነህ ፍየል?» ብላ ሳቀች።

ዛሬ አንዲት አሮጊት ገባች፤
የዝናብ ላስቲክ ለብሳ፣ ባለጎማ ዘንቢል እየጎተተች።
«የጨው ባቡር አለ?»
ልቤ ዘለለ።
ለሚገባው ሰው ብቻ ብዬ የደበቅኋትን ሸክላ
እንደ ታቦት አቅፌ ወጣሁ ከመጋረጃው ኋላ።
መርፌውን አሳረፍኩ። እንደ ቆሎ ተንጣጣ፣
ከዚያ ድምፁ መጣ።
ሦስተኛው ስንኝ ደረሰ፦ እህ!
አሮጊቷም፣ ከሸክላው እኩል፣
እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

ወንበር ሳብኩላት። ምላሴ ተሳሰረ።
«ይሄን ተወው» አለች፣ «ይሄማ ከእኔው ጋር ነበረ።
የልጁን ስጠኝ።»

«የልጁን?»

«የልጁን። ያኔ እግሬ በርዶት ነበር፤
ከሥራ ስለቀረሁ ደሞዜ ይቆረጣል እያልኩ ነበር፤
ከበሮ መቺው ይቸኩላል፣ የካፖርቴ ኮሌታ ይበላኛል።
ዘፈኑን አልሰማሁትም፣ ልጄ። አፍ ነበርኩ።
አፍ ደግሞ ጆሮ የለውም።
አምና የምስር ቆርቆሮ ላነሣ እጄን ስዘረጋ
ልጁ ከጣራው ላይ ጀመረው፤
ቆርቆሮውን ይዤ ቀረሁ።
ለካ ያምራል!»

ስምንት ዩሮ ከሃምሳ፤ ሳንቲሙን ሁለቴ ቆጠረች።
ሚርኮን ከቀይ ሽንኩርቱ አጠገብ ሸጉጣ
በቅስቶቹ ሥር ሄደች፤ ጎማው ሲጥ፣ ሲጥ እያለ።
ኦርኔላ ምንም አልተናገረች።
ይሄ ከነገር ሁሉ የከፋ ነው።

ማታ፣ መዝጊያው ከወረደ በኋላ፣
መብራቱን አጥፍቼ የሚርኮን አጫወትኩ።
አልወደድኩትም።
እሺ፣ ለምን እዋሻለሁ፤ ትንሽ ወደድኩት፤
ቫዮሊኖቹን ግን እግዜር ይይላቸው።
ቀንድ ቀንድ ነው፤ ረዝሟል፣ ተወልውሏል፤
ግን ማን ያየዋል ብሎ ይሆን የበቀለው፣
ከሥሩ የሚሰማ ጆሮ ባይኖረው?

ሦስተኛው ስንኝ ደረሰ።
ልጁ ያን ንጹሕ ጸጥታውን ባነጠፈበት ቦታ፣
ሱቁ ባዶ፣ ዝናቡ ቆሞ፣
ማንም ሳያዘኝ

እኔ ሳልኩ።